ዱላ ሳይሆን ምርኩዝ፦ በእርግዝና፣ በምጥና በአራስነት አብራ የምትሆን ሴት

ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ሴት ነው። ሐኪም አይደለችም፤ አዋላጅም አይደለችም። ሥራዋ ነፍሰ ጡር እናት ከእርግዝና እስከ አራስነት ብቻዋን እንዳትሆን ማድረግ ነው። በውጭው ዓለም ይህችን ሴት «ዱላ» ይሏታል። ስሙን ስትሰሙ እንዳትደነግጡ፤ በእኛ ቋንቋ ዱላ መምቻ ነው። ቃሉ ግን ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም አገልጋይ ሴት ማለት ነው። ዳና ራፋኤል የተባለች አሜሪካዊት የአንትሮፖሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ጡት ማጥባት ባሳተመችው መጽሐፍ እናትን ለምትደግፍ ሴት ተጠቀመችበት። እኛ ግን ምርኩዝ ብንላት ይቀለናል። ምርኩዝ አይመታም፤ የደከመ ሰው ይደገፍበታል።

ትልልቅ እናቶች ይህን ስታነቡ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳትሉኝ። ነገሩ ለእናንተ አዲስ አይደለም። በአገር ቤት ብዙ ሴት የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። አክስት ወገቧን ታሻለች፣ እህት አጥሚት ታፈላለች፣ ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል። እዚህ ካኩማ ግን ብዙዎቻችን ያለ እናት፣ ያለ እህት ነው የመጣነው።

እኔም የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እዚሁ ነው። ካምፑ ከገባሁ ገና ጥቂት ወራት ስለነበር ስዋሂሊ አላውቅም። አዋላጇ «ሱኩማ! ሱኩማ!» ትለኛለች። እኔ የማውቀው ሱኩማ ገበያ ላይ የሚሸጠውን ጎመን ነው። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ስለ ጎመን ለምን ታወራኛለች ብዬ ግራ ገባኝ። «ግፊ ማለቷ ነው» ብላ የነገረችኝ ሌላ ሰው ለመጠየቅ የመጣች የማላውቃት ሴት ናት። እጄን ያዘች፤ ልጄ እስኪወለድ ድረስም አልለቀቀችኝም። ከዚያ በኋላ የነርስነት ትምህርት ተምሬ ብዙ ወሊድ አይቻለሁ። የዚያችን ሴት እጅ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጥቅሙ በጥናት የተረጋገጠ ነው

አብሮ መሆን ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የኮክሬን ግምገማ በ17 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶችን አንድ ላይ አየ። በምጥ ጊዜ ሳይቋረጥ የሚደግፋቸው ሰው የነበራቸው ሴቶች በራሳቸው ኃይል የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ ምጣቸውም አጠር ያለ ሆኖ ተገኘ። በቀዶ ጥገና የመውለዳቸው ዕድልም ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ እናት በምጥና በወሊድ ጊዜ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። «ራሷ የመረጠችው» የሚለውን ልብ በሉ። ባል፣ አማት ወይም ጎረቤት ልትሆን ትችላለች፤ ምርጫው ግን የእናቲቱ ነው።

በእርግዝና ጊዜ

አጋዧ ሴት ሥራዋን የምትጀምረው ምጥ ሲመጣ አይደለም። ነፍሰ ጡሯ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ ክትትል እንድትጀምር፣ እስክትወልድም ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ታበረታታታለች። የአይረን እንክብል ሆዷን የሚረብሻት ከሆነ ከምግብ ጋር እንድትወስደው ትመክራታለች። ቡናና ሻይ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ እንክብሉን በቡና ሰዓት መዋጥ አይገባም።

ከሁሉም በላይ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሌሊት ምጥ ቢመጣ አምቡላንስ ማን ይጠራል? ትልልቆቹ ልጆች ማን ዘንድ ያድራሉ? ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል? ዝናብ ሲዘንብ ላጋው ሞልቶ መንገድ እንደሚዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። ከላጋው ማዶ የምትኖር ነፍሰ ጡር ወሯ ሲገባ ሆስፒታሉ አጠገብ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት ብትቆይ ይሻላል።

በምጥ ሰዓት

አጋዧ ወገቧን ታሻለች፣ ላቧን ትጠርጋለች፣ ውሃ ታጠጣታለች፣ ደግፋ ታራምዳታለች። አንዷ እናት ማርያምን ትጠራለች፣ ሌላዋ ዱዓ ታደርጋለች። አጋዧ ሁለቱንም «አይዞሽ» ትላለች። ቋንቋ የምታውቅ ከሆነም ታስተረጉማለች። እነዚህን የስዋሂሊ ቃላት አጥኑ፦ ኡቹንጉ (የምጥ ሕመም)፣ ሱኩማ (ግፊ)፣ ፑሙዋ (ተንፍሺ)፣ ዳሙ (ደም)፣ ሆማ (ትኩሳት)፣ ኪችዋ ኪናኡማ (ራሴን ያመኛል)፣ ምቶቶ ሃቼዚ (ልጁ አይንቀሳቀስም)።

አጋዧ ሴት የማታደርገውም አለ። ሆድ አትጫንም፤ በእጇ ማህፀን አትመረምርም፤ ምጥ ለማፋጠን ብላ ቅጠል ወይም መድኃኒት አትሰጥም፤ እትብት አትቆርጥም። ይህ የአዋላጇ ሥራ ነው። የልምድ አዋላጅ እናቶቻችን፣ ሥራችሁን የነጠቅናችሁ አይምሰላችሁ። ሴቶች ያምኗችኋል። ወላዷን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ስትመጡና ከአጠገቧ ስትቆሙ ያ እምነት ሕይወት ያድናል።

በአራስነት ጊዜ

ብዙ ሰው ልጁ ከተወለደ በኋላ ሁሉም አለቀ ብሎ ይበተናል። በምሠራበት ሰፈር አንዲት እናት በወለደች በሦስተኛው ቀን ደሟ በዛ። ቤተሰቡ «የአራስ ደም ነው፣ ይቆማል» አለ። አብራት የነበረችው ጎረቤቷ ግን ጨርቁን ትቆጥር ነበር። አንዱ ጨርቅ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ሲርስ፣ ሌላውም ሲደገም፣ ማንንም ሳታስፈቅድ አምቡላንስ አስጠራች። ለካ የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ማህፀን ውስጥ ቀርቶ ነበር። ዛሬ እናትና ልጅ ደህና ናቸው። ጎረቤቷ የሕክምና ትምህርት የላትም፤ መቁጠርና መሮጥ ግን ታውቅ ነበር።

የአጋዧ ሴት ሌላው ሥራ ሕፃኑን የሚጎዱ ልማዶችን በፍቅር መከላከል ነው። ቅቤ ማስዋጥና የስኳር ውሃ መስጠት ይቅር። እንገሩ አይጣል፤ ለሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያው ነው። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፤ እስከ 6 ወር ድረስም የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላው አይታጠብ። እትብቱ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር በልማድ አይቀባ። ገንፎውና አጥሚቱ ግን ለእናትየው ነው፤ እሱን አታስቀሩባት!

የአራሷንም ልብ ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ የተለመደ ነው። ከ2 ሳምንት በላይ ካለቀሰች፣ እንቅልፍ ካጣች ወይም ልጇን ማየት ካስጠላት ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዷት። ሕመም ነው እንጂ ስንፍና አይደለም።

ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የምትሮጡባቸው ምልክቶች

• በእርግዝና ጊዜ የሚታይ ደም ወይም ከወሊድ በኋላ ጨርቅን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ደም
• ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ
• ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ
• ምጥ ሳይጀምር የእንሽርት ውሃ መፍሰስ
• የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቆም
• በሕፃኑ ላይ፦ ጡት እምቢ ማለት፣ ትኩሳት ወይም መቀዝቀዝ፣ የአተነፋፈስ መፍጠን

ውድ አንባቢዎች፣ አጋዥ ለመሆን የምስክር ወረቀት አያስፈልግም። ፈቃደኛ የሆናችሁ በየብሎካችሁ ያሉትን የጤና ፈቃደኛ ሠራተኞች አነጋግሩ። ወደ ወሊድ ክፍል መግባት ይፈቀድ እንደሆነም ቀኑ ሳይደርስ ጠይቁ። ነፍሰ ጡር ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ በሯን አንኳኩና «ምጥሽ ሲመጣ ማን አብሮሽ ይሆናል?» በሏት። «ማንም የለኝም» ካለች «እኔ አለሁልሽ» በሏት።