ስፌት ላይ የሚያዝ ጋቢ

ያለ ማስታገሻ መታመም ምን እንደሆነ መቀሌ ታውቃለች። በ2014 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ጊዜ ከበባው ሲጠና፣ የከተማዋ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች የማደንዘዣና የማስታገሻ እጥረት እንደገጠማቸው ደጋግመው ለዓለም ተናግረዋል። ስለዚህ እዚህ የማነሳው ነገር መድኃኒትን አይተካም። መድኃኒት ቢኖርም ባይኖርም፣ ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ የአስታማሚ እጅ ሊሠራው የሚችለው ነው።

እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጋችሁ አንዴ ሳሉ። ጡንቻው በአንድ ጊዜ ሲወጠር ይሰማችኋል። ሆዱ ተቀዶ የተሰፋ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው። ስለዚህ ሳሉን ይውጣል፣ ትንፋሹንም ያሳጥራል። የሚጎዳው ደግሞ ይኸው ነው፤ በደንብ አየር ያልገባበት የሳንባ የታችኛው ክፍል ይጨማደዳል፣ አክታ ይጠራቀምበታል፣ የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል። ጋቢ ወይም ትራስ አጥፋችሁ ስፌቱ ላይ አድርጉለት፤ በሁለት እጁ ደገፍ አድርጎ ይዞ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይሳል። ድጋፉ የጡንቻውን መሳብ ስለሚቀንስ ሕመሙ ይቀልለታል። በየሰዓቱ ጥቂት ጊዜ በረጅሙ ይተንፍስ።

ከአልጋ ሲነሳም ቀጥ ብሎ በሆዱ ጉልበት አይነሣ። በጎኑ ይዙር፣ እግሮቹን ያውርድ፣ ከዚያ በክንዱ ገፍቶ ይቀመጥ።

ጠያቂ ዘመድ ሁሉ «ተኛ፣ እረፍ» ይላል፤ ከፍቅር ነው። ግን ብዙ መተኛት ደም በእግር ሥር ውስጥ እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ኤሚል ሪስ የተባለ የቺካጎ ሐኪም ታካሚዎቹን ቶሎ ከአልጋ እንደሚያስነሣ በ1899 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር፤ ሙያው ግን ይህን በሰፊው ለመቀበል አሥርተ ዓመታት ፈጅቶበታል። ሐኪሙ ከፈቀደ፣ አስታማሚው ክንዱን ይዞ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ያራምደው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ማስቲካ ነው። በቀዶ ጥገና የተነካካ አንጀት ለጊዜው ሥራውን ያቆማል፤ ሐኪሞች «አየር ወጣልህ?» እያሉ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው። ማኘክ ምግብ የመጣ አስመስሎ በነርቭ በኩል አንጀቱን ይቀሰቅሰዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሐኪሞች ከትልቁ አንጀት ቀዶ ጥገና በኋላ ሞክረውት አንጀት ቶሎ ሲነቃ አይተዋል። ጥቅሙ መጠነኛ ቢሆንም፣ በኦፕራሲዮን ለወለዱ እናቶችም ይረዳል። ከሱቅ በደረቴ የሚገዛ ነገር ነው፤ ሐኪሙን ጠይቆ መስጠት ነው።

ሆዱ እየተነፋ ካስመለሰው፣ ትኩሳት ከያዘው፣ ስፌቱ ቀልቶ መግል ካወጣ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም አንዱ ባቱ አብጦ ካመመው ግን ጋቢውን አስቀምጡና ነርስ ጥሩ።