ከእርስዎ በፊት ማን በረረባት?

የትናንሽ አውሮፕላኖች ኪራይ እና በውስጡ ያለው አማና

አውሮፕላን ይከራያል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሀብታም ሰው ከነአብራሪው የሚኮናተረው የግል ጄት ነው። በአሜሪካ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ የአውሮፕላን ኪራይ አለ። ከከተማ ወጣ ባሉ አነስተኛ ማረፊያዎች፣ አራት ወይም አምስት ትናንሽ አውሮፕላኖች ያሉት ሰው የማብረር ፈቃድ ላላቸው የአካባቢው ነዋሪዎች በሰዓት ሒሳብ ያከራያል። ተከራዩ መምህር፣ ነጋዴ ወይም ሐኪም ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ይቀበላል፣ ራሱ ያበራል፣ ሲመለስ የበረረበትን ሰዓት ቆጥሮ ይከፍላል። ነገሩ ከመኪና ኪራይ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው፤ መኪና ቢበላሽ ዳር ይዞ ይቆማል፣ አየር ላይ ግን ዳር የሚባል ነገር የለም።

ውድ አንባብያን፣ ሥራው ከእኛ ኑሮ የራቀ ቢመስልም ታክሲውን ለሹፌር ሰጥቶ የሚያሠራ ወይም ቤቱን የሚያከራይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ አለበት። ይኸውም፦ ባለቤቱ በሌለበት በአንድ ንብረት እየተፈራረቁ የሚጠቀሙ፣ ፊት ለፊት እንኳ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን አማና እንዴት ይጠብቃሉ? በአውሮፕላን ኪራይ ይህ ጥያቄ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የነፍስም ጉዳይ ነው።

ለኪራይ የምትመረጠው አውሮፕላን

በዚህ ሥራ በብዛት የምትታየው ሴስና 172 የተባለችው ባለ አራት መቀመጫና ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን እስካሁን ከ44,000 በላይ ተመርታለች። በሀገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዬሽን ማሠልጠኛ ለአብራሪነት ትምህርት ተጠቅሞባታል።

ፋብሪካው በ1986 ይህችን አውሮፕላን ማምረት አቁሞ ነበር። ከሰጣቸው ምክንያቶች ዋነኛው፣ ከተሠሩ ብዙ ዓመት ባለፋቸው አውሮፕላኖች ላይ አደጋ ሲደርስ በፍርድ ቤት የሚጠየቀው ካሳ መብዛቱ ነው። በ1994 የአሜሪካ ምክር ቤት አውሮፕላን ከተሠራ 18 ዓመት ካለፈው በኋላ በአምራቹ ላይ የሚቀርበውን ክስ የሚገድብ ሕግ አወጣ። ምርቱም በ1996 እንደገና ተጀመረ። በዚህ የተነሳ ዛሬ ከሚከራዩት መካከል ዕድሜያቸው ከተከራዩ ዕድሜ የሚበልጥ አውሮፕላኖች ማግኘት የተለመደ ነው። እርጅናው በራሱ ነውር አይደለም። በሚገባ የተያዘች አሮጌ አውሮፕላን ችላ ከተባለች አዲስ ትሻላለች።

አስተዋይ አከራይ አውሮፕላኖቹን በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል። መለዋወጫው አንድ ይሆናል፤ መካኒኩም ሥራውን ይለምደዋል። ተከራዩም አንድ ጊዜ ከአስተማሪ ጋር በርሮ ችሎታው ከተረጋገጠ በኋላ የቀረበለትን ሁሉ ሊወስድ ይችላል። የአንዷ ማብሪያ እዚህ፣ የሌላዋ እዚያ ከሆነ ግን በጭንቅ ሰዓት እጅ ወደ ለመደው ቦታ ሄዶ ሊሳሳት ይችላል።

የአንድ ሰዓት ዋጋ ከምን ይሠራል?

ሒሳቡን ለማየት ያህል ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የቀረቡ እንጂ የአንድ የተወሰነ ድርጅት አይደሉም። ለአንዲት አውሮፕላን ኢንሹራንስ፣ የሃንጋር ኪራይና ዓመታዊ ምርመራ በዓመት 24,000 ዶላር ይወጣል እንበል። ይህ ወጪ አውሮፕላኗ በረረችም ቆመችም አይቀርም። በዓመት 200 ሰዓት ብትበር በየሰዓቱ ላይ 120 ዶላር ይወድቃል። 400 ሰዓት ብትበር ግን ወደ 60 ይወርዳል። ለዚህ ነው ለአከራይ ትልቁ ጠላት የቆመች አውሮፕላን የሆነችው።

በዚህ ላይ ነዳጅ አለ። ባለ 180 የፈረስ ጉልበቷ ሴስና 172 በሰዓት ከ8 እስከ 10 ጋሎን ታቃጥላለች። ዘጠኝ ጋሎን በስድስት ዶላር ብናስብ 54 ዶላር ይሆናል። ለጎማ፣ ለዘይትና ለተራ ጥገና 25 ዶላር እንጨምር።

ቀጥሎ የሚመጣው ማንም የማያየው ወጪ ነው። የሞተሩ አምራች 2,000 ሰዓት ሲሞላው ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ እንዲታደስ ይመክራል። እድሳቱ 40,000 ዶላር ቢፈጅ፣ ከእያንዳንዱ ሰዓት 20 ዶላር እየተነሳ መቀመጥ አለበት ማለት ነው። እንግዲህ በዓመት 400 ሰዓት ለምትበር አውሮፕላን ጠቅላላው 159 ዶላር ይመጣል፤ የአከራዩ ትርፍ ገና አልተነካም።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ያለው አከራይ ዋጋ ሲቀንስ፣ ዛሬ ማንም የማይጠይቀው ያ 20 ዶላር ነው። ቢቀነስ ደንበኛ ይበዛል፤ አውሮፕላኖቹም ያለ እረፍት ይበራሉ። አምስት ዓመት ሲሞላ ግን 2,000ው ሰዓት ይደርሳል፤ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ሞተሩ እስካሁን ደህና ነው፣ ትንሽ ይቆይ» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ከመጠን በላይ የረከሰ የበረራ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከነገ ተከራይ የተወሰደ ብድር ነው።

ሕግ የሚያዘውና ለሕሊና የተተወው

የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ማንኛዋም እንዲህ ያለች አውሮፕላን በየ12 ወሩ ተመርምራ እንድታልፍ ያዛል። ትምህርት ቤት በራሱ አውሮፕላን በክፍያ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ በየ100 የበረራ ሰዓቱ ተጨማሪ ምርመራ አለ። ፈቃድ ያለው ሰው ለብቻው ሲከራያት ግን ይህ የ100 ሰዓት ግዴታ አይነካውም። ከላይ ያነሳነው የ2,000 ሰዓት ገደብም እንዲህ ላለው የግል በረራ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም።

አንዳንድ አከራዮች ሕግ ባያስገድዳቸውም ለኪራይ የሚወጡትን አውሮፕላኖች ሁሉ በ100 ሰዓት ያስመረምራሉ። ይህ ደግሞ የራሱ ብልሃት ይጠይቃል። አምስቱም አውሮፕላኖች በአንድ ሳምንት 100 ሰዓት ቢሞላቸው ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የቀራቸው ሰዓት እየታየ አንዷ ወደ ጋራዥ ስትገባ ሌሎቹ እንዲሠሩ ተራ ይወጣላቸዋል። ምርመራው በተቻለ መጠን ተከራይ በማይበዛባቸው የሥራ ቀናት እንዲውል ይደረጋል፤ ቅዳሜና እሑድ ገበያ ነውና።

ቆጣሪው ሰውን ሲያጣድፍ

ተከራዩ የሚከፍለው በቆጣሪ ነው። «ሆብስ» የሚባለው ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ እንደ ሰዓት ይቆጥራል። ሌላው ከሞተሩ መዞሪያ ፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሞተሩ ቀስ ሲል እሱም ቀስ ይላል። ነገሩ ጥቃቅን ቢመስልም የሰውን ጠባይ ይለውጣል። በመጀመሪያው ቆጣሪ የሚከፍል ሰው ሞተሩ እስኪሞቅ ሲጠብቅ ገንዘቡ ሲፈስ ይታየዋል። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ማድረግ ያለበትን ፍተሻ ለማሳጠር ይፈተናል። በሁለተኛው ግን መሬት ላይ በዝግታ መቆየት ብዙም አያስከፍልም። በሁለተኛው ቆጣሪ የሚያከራይ ባለቤት የተወሰነ ገቢ ይቀርበታል፤ በምትኩ ተከራዩ ሳይጣደፍ እንዲፈትሽ ያበረታታል።

ዝምታ የሚያመጣው ጉዳት

ከሁሉ የከፋው በዚህ ሥራ ውስጥ የሚደበቅ ጉዳት ነው። አንድ ተከራይ ሲያርፍ አውሮፕላኗ በፊት ጎማዋ መሬቱን በኃይል መታች እንበል። ወርዶ ሲያያት ምንም የተሰበረ ነገር አይታየውም። በሴስና 172 ግን የፊት ጎማው የተያያዘው ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል ከሚለየው የብረት ግድግዳ ጋር ነው፤ ግድግዳው ከውስጥ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። ፕሮፔለሩ መሬት ነክቶ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ብቻ የተጣመመ ቢመስልም የሞተሩ ዋና ዘንግ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል አምራቹ ሞተሩ ተፈትቶ እንዲታይ ያዛል።

ያ ሰው ቁልፉን መልሶ ዝም ብሎ ቢሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ይነሳል። በደንቡ መሠረት አውሮፕላኗ ለበረራ ብቁ መሆኗን ማረጋገጥ የአብራሪው ኃላፊነት ነው። እሱም ዘይቱን ያያል፣ ነዳጁን በጠርሙስ ቀድቶ ውሃ እንደሌለበት ያጣራል። የታጠፈውን ግድግዳ ግን ላያየው ይችላል።

ሰው ለምን ይደብቃል? አብዛኛውን ጊዜ ክፍያና ውርደት ፈርቶ ነው። ስለዚህ ጥሩ አከራይ በየአውሮፕላኗ የብልሽት መመዝገቢያ ያስቀምጣል፤ የጻፈውንም ሰው ያመሰግነዋል እንጂ አይቆጣውም። የተጻፈው ብልሽት ተመርምሮ ውሳኔ እስኪሰጥበት ድረስም ቁልፉ ለሌላ ሰው አይሰጥም። አንድ ቀን ገቢ ይቀራል። እውነት የተናገረው ሰው ከዋሸው ይልቅ የሚጎዳ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይናገርም።

«እዚያው እደር!»

ሌላው አደጋ የመመለስ ጉጉት ነው። ተከራዩ ርቆ ሄዶ ሳለ ደመና ይወርዳል። ነገ ጠዋት አውሮፕላኗን ሌላ ሰው ቀጥሯታል፤ ቢያድር ደግሞ ለቆመችበት ቀን የሚጠየቅ ክፍያ አለ። ይህ ክፍያ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ አውሮፕላኗን ሦስት ቀን ይዞ ሁለት ሰዓት ብቻ የሚበር ሰው አከራዩን ስለሚጎዳ ነው። ነገር ግን በመሣሪያ ብቻ ማብረር ያልሠለጠነ ሰው ደመና ውስጥ ሲገባ ሽቅብና ቁልቁሉ ይጠፋበታል፤ በዚህ ዓይነት የብዙ ሰው ሕይወት አልፏል። ስለዚህ በአየር ሁኔታ ምክንያት ላደረ ሰው ክፍያው እንደሚነሳለት አስቀድሞ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ስልክ ሲደውልም የሚሰማው ቃል «እዚያው እደር» የሚል መሆን አለበት።

ከመከራየትዎ በፊት

በውጭ ሀገር የምትኖሩና በረራ የምትማሩ፣ ወይም ልጆቻችሁ የሚማሩላችሁ አንባብያን እነዚህን ጥያቄዎች ብትጠይቁ ይጠቅማችኋል፦

1. የጥገና መዝገቡን ማየት እችላለሁ? ደስ ብሎት የማያሳይ አከራይ ቢቀር ይሻላል።

2. ሞተሩ ከታደሰ ስንት ሰዓት ሠራ? ለሚቀጥለው እድሳት ገንዘብ እየተቀመጠ ነው?

3. ኢንሹራንሱ ማንን ይሸፍናል? የባለቤቱ ኢንሹራንስ ለባለቤቱ ካሳ ከፍሎ ገንዘቡን ከተከራዩ ሊጠይቅ ይችላል። ለተከራይ ተብሎ የሚሸጥ የተለየ ኢንሹራንስ አለ።

4. ባለፉት 90 ቀናት ሦስት ጊዜ ተነስቼ አርፌያለሁ? የአሜሪካ ደንብ ተሳፋሪ ለመያዝ ይህን ይጠይቃል። የጓደኛን ወይም የቤተሰብን ነፍስ ለያዘ ሰው ደግሞ ከዚህ በላይ መለማመድ ይገባዋል።

5. ብልሽት ባገኝ ለማን እናገራለሁ፣ ከዚያስ ምን ይደረጋል?

ለአከራዮችም የምንለው አለን። ንብረቱ አውሮፕላን ሆነ ሚኒባስ፣ ለነገ ጥገና የሚሆነውን ገንዘብ ከዛሬ ገቢ ለይታችሁ አስቀምጡ። እውነት የተናገረ ሰው የማይጎዳበትን ደንብም አውጡ። ንብረቱን የመለሰው ሰው «ይህን ጎዳሁ» ለማለት ካልፈራ፣ ቀጥሎ የሚረከበው ሰው በሰላም ወደ ቤቱ የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል።