የገና ልጆች፦ ዱላ፣ ጥንግና የደጋው ሜዳ

በጎንደርና ከጎንደር በላይ ባለው ደጋ፣ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ፣ የወንድ ልጅ ዓመት በጨዋታ ይከፋፈላል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ይጮሃል፤ መስከረም የችቦና የመስቀል ነው። ኅዳር ገብቶ እህሉ መታጨድ ሲጀምር ደግሞ እረኛው ዓይኑን ዛፍ ላይ ይጥላል። የሚፈልገው ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ ቅርንጫፍ ነው። ወይራ ካገኘ እሰየው፤ ካጣ ክትክታም ይሆነዋል። ቆርጦ፣ ልጦ፣ እሳት ላይ ለብለብ አድርጎ ቆልማማውን ያስተካክለዋል። የገና ዱላው ተዘጋጀ ማለት ነው።

ኳሱ ሁለት ዓይነት ነው። ከእንጨት የተድቦለቦለው ሩር፣ ከጠፍር የተጎነጎነው ጥንግ ይባላል። ሩር ይፈጥናል፣ ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ግን አይጣል ነው። ጥንግ ትንሽ ይምራል።

ጨዋታው ስሙን ያገኘው ታኅሣሥ 29 ቀን ከሚውለው በዓል ነው (በአራት ዓመት አንዴ 28 ይሆናል)። የክርስቶስን መወለድ የሰሙ የቤተልሔም እረኞች በደስታ በትራቸውን ይዘው ተጫወቱ የሚለውን ትውፊት የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም። ትውፊቱ እንዳለ ሆኖ፣ ወቅቱን የመረጠው ገበሬው ራሱ ይመስላል። ክረምት ሜዳው ጭቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማሳው በገብስና በስንዴ ይሞላል፣ ልጁም ከስሜን ገደል የሚወጣውን ጭላዳ ከአዝመራው ላይ ሲያባርር ይውላል። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን ማሳው ባዶ ነው። ከብቱ ቃርሚያውን ሲግጥ እረኛው እጁ ይፈታል። ስለዚህ ልጆቹ ልምምዱን በጾመ ነቢያት፣ ሆዳቸው ሽሮ ብቻ በለመደበት ሰሞን ያካሂዱና ለበዓሉ ይደርሳሉ።

አሠልጣኝ የለም። ጨዋታው ራሱ ግን ልጆችን የሚያሳድግበት ሥርዓት አለው፤ በጣም የሚገርመውም ቡድን የሚመደብበት መንገድ ነው። በመጀመሪያ ሁለት የቡድን አባቶች ይመረጣሉ። የቀረው ልጅ ሁሉ እኩያውን ይፈልጋል፤ በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሩጫ፣ በጉልበትና በዱላ አመታት የሚመጥነውን። ጥንዶቹ ገለል ብለው ይንሾካሾኩና ለየራሳቸው የምስጢር ስም ያወጣሉ፤ አንዱ አንበሳ፣ ሌላው ነብር ይሆናል። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይመጡና አንደኛውን አባት ይጠይቁታል፦ አንበሳ ወይስ ነብር? አባትየው ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ አንዱን ይመርጣል፣ የተረፈው ለሌላው ቡድን ይሆናል። የሚቀጥሉት ጥንዶች ሲመጡ ምርጫው ለሁለተኛው አባት ነው።

ይህ ከዕጣ በላይ ነው። ልጁ እኩያውን ሲፈልግ የራሱን ልክ መመዘን አለበት። ራሱን ከፍ አድርጎ ከጎበዝ ጋር ልጣመር ቢል ጎበዙ እሺ አይለውም፤ ከደካማ ጋር ቢጣመር መሳቂያ ይሆናል። አምና ከእገሌ ጋር የተጣመረ ልጅ ዘንድሮ ከእገሌ ታላቅ ወንድም ጋር ሲጣመር፣ መንደሩ ሁሉ ማደጉን ያያል። በየትኛውም የታዳጊዎች ፕሮጀክት አሠልጣኝ በማስታወሻ ደብተር የሚመዘግበውን የተጫዋች ዕድገት እዚህ ልጆቹ በየዓመቱ ራሳቸው ያውጃሉ። አድልዎ የሚሠራበት ቀዳዳም ጠባብ ነው። አባትየው ወዳጁን ለመውሰድ ቢፈልግ ስሙን አያውቅማ! (ጥንዶቹ አስቀድመው ካልጠቀሱት በቀር። ይህም አይጠፋም።)

ከዚያ ሁለት ተጫዋቾች መሃል ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፣ ትርምሱ ይጀመራል። ከውጭ ለሚያየው ሥርዓት የለሽ ድብድብ ይመስላል። ውስጡ ላለው ግን ሕግ አለው፤ ከቦታው ወጥቶ በባላጋራው ወገን የተገኘ ተጫዋች «ሚናህን ለይ!» ተብሎ ይጮህበታል፣ ካልሰማም ዱላው ራሱ ያስታውሰዋል። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም። መንደር ከመንደር ሲገጥም ግቡ የሜዳው ዳር ወይም የባላጋራው መንደር መዳረሻ ሊሆን ይችላል። ጌታም ሎሌም እኩል ይሰለፋል፣ በዚያ ቀን ለተመታ ቅልጥም ቂም መያዝ ነውር ነው። ያሸነፈው መንደር ማታ በግጥም ተሸናፊውን ይሸነቁጠዋል።

እንዲህ ያለ ጨዋታ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አሽቦርን በምትባል ከተማ ከዐቢይ ጾማቸው ዋዜማ ጀምሮ ለሁለት ቀን የከተማው ላይኛውና ታችኛው ወገን አንድ ኳስ ይሻማሉ፤ ግቦቹ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ የተጫዋች ቁጥር ገደብ የለውም። ራግቢ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ የመንደር ግፊያ ነው። ልዩነቱ እዚያ ጨዋታው ትምህርት ቤት መግባቱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 የራግቢ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ራሳቸው ተቀምጠው የጨዋታውን ሕግ በጽሑፍ አሰፈሩ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ራግቢ ከዚያ ወረቀት ይጀምራል።

ጎንደር ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው። ትምህርት ቤቱ እግር ኳስንና መረብ ኳስን ወደ ግቢው አስገባ፣ ገናን ከአጥሩ ውጭ ለእረኛው ተወለት። ውጤቱ ከተማው ላይ በግልጽ ይታያል። የከተማው እግር ኳስ ክለብ ፋሲል ከነማ («ዐፄዎቹ») በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ፣ የዐፄዎቹን ማሊያ ለብሶ የማይሮጥ የጎንደር ልጅ አልነበረም። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ለዚያ ዋንጫ ማን ይከፋዋል? ነገር ግን የከተማ ልጅ ኳስ ሲመርጥ እኩዮቹ «አንበሳ ወይስ ነብር» ማለታቸውን አቁመው «እኔ እገሌን ወሰድኩ» ወደሚለው ሲሄዱ፣ ደካማው ልጅ መጨረሻ ላይ ብቻውን ቆሞ ይቀራል።

ገና ግን ጨርሶ አልተረሳም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ያወዳድረዋል፤ ሜዳው ተለክቶ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ዳኛ ቆሞ፣ ክልሎች ይገጥሙበታል። ይህ ለአዋቂዎቹ ጥሩ ነው። ታዳጊውን የሚያስበው ሰው ግን ወደ አየርላንድ ቢመለከት ይሻላል። ሃርሊንግ የሚባለው የዱላና የኳስ ጨዋታቸው ከገና ጋር ወንድማማች ነው። ማይክል ኩሳክ የተባለ መምህር ከጓደኞቹ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ማኅበር አቁሞ ሕግ እንዲወጣለት አደረገ፣ ትምህርት ቤቶችም እርስ በርስ ይወዳደሩበት ጀመር። ጉዳቱ ሲያስቸግራቸው ጨዋታውን አልከለከሉም፤ በዚያው አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ ማንም ተጫዋች ያለ ራስ ቁር እንዳይገባ ደነገጉ።

ለደባርቅ ወይም ለአዘዞ የስፖርት መምህርም ሥራው ከዚህ የከበደ አይሆንም። ሩሩን ትቶ ጥንጉን ይያዝ፣ ዱላ ከወገብ በላይ እንዳይነሳ ይከልክል፣ ለቅልጥም መከላከያ ይፈልግ፣ ሜዳውን በኖራ ያስምር። ቡድን አመዳደቡን ግን ለልጆቹ ይተውላቸው፤ እሱን ከመምህሩ ይበልጥ ያውቁበታል።