ስለ መጪው ዘመን የሚናገር ፊልም በቤተ ሰብ ስለ መሥራት

የሰው ልጅ ያለፈውን ዘመን ከታሪክ መጽሐፍ ያነባል፤ የሚመጣውን ግን በአሳቡ ካልሆነ በቀር ሊያየው አይችልም። በዕውቀት መንገድ እየገመቱ የወደፊቱን ዘመን በታሪክ መልክ መድረስ የሳይንስ ልብ ወለድ ይባላል። ቀድሞ በመጽሐፍ ብቻ ይነገር የነበረው ይህ ዓይነት ታሪክ ኋላ ወደ ሲኒማ ገባ፤ ዛሬ ደግሞ ወጣቶች በየቤታቸው በእጅ ስልክ እያነሡ፥ ታሪኩን ክፍል በክፍል እያደረጉ፥ በኢንተርኔት ለሕዝብ ያሳዩታል።

በዚህም ምክንያት ብዙ ወላጆች «ልጃችን ትምህርቱን ትቶ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል» ብለው ያዝናሉ። ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳሩ ግን ሳይመረምሩ ከመፍረድ አስቀድሞ፥ ሥራው ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደሚያስተምር መረዳት ይገባል።

በሰሜን ናይጄሪያ ካዱና በምትባል ከተማ፥ አብዛኞቹ ዘመዳሞች የሆኑ ጥቂት ልጆች «ዘ ክሪቲክስ ካምፓኒ» የሚል ስም ለራሳቸው ሰጥተው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም መሥራት ጀመሩ። የፊልም ማንሻቸው መስተዋቱ የተሰነጠቀ የእጅ ስልክ ነበረ፤ የስልኩም ማቆሚያ ከተሰበረ የማይክሮፎን መቆሚያ የተበጀ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ ከገበያ ለመግዛት አንድ ወር ገንዘብ አጠራቀሙ። መምህራቸው በዩቱብ የሚገኘው ትምህርት ነበረ፤ የመብራት መጥፋትና የኢንተርኔት መዘግየት ግን ሥራቸውን ዘወትር ያቋርጠው ነበር። አሥር ደቂቃ ብቻ የሚፈጀውን አንዱን ፊልማቸውን ለመጨረስ ሰባት ወር ፈጀባቸው። ይህም ሲታሰብ ለእያንዳንዱ ደቂቃ ሦስት ሳምንት ያህል መሆኑ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ወሬያቸው በዓለም ጋዜጦች ተሰማ፤ የታወቀው የአሜሪካ የሲኒማ ሠሪ ጄ. ጄ. ኤብራምስም የሥራ ዕቃ ከላኩላቸው ሰዎች አንዱ ሆነ። አንባቢ ሆይ፥ ዕቃው የመጣው ሥራው ከታየ በኋላ እንጂ ከመጀመሩ በፊት እንዳልነበረ ልብ በል።

በአሜሪካም የሒሳብ ትምህርት የተማረ አንድ መሐንዲስ «ፕራይመር» የተባለውን ፊልም በ7,000 ዶላር ሠርቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በሰንዳንስ የፊልም በዓል ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ ሰውን ወዳለፈ ጊዜ ስለሚመልስ መሣሪያ ሲናገር፥ መሣሪያው የሚታየው እንደ ተራ ሣጥን ነው። ተመልካቹን የያዘው የሣጥኑ ውበት ሳይሆን የነገሩ አካሄድ ነው።

ወደ አገራችንም ስንመለስ፥ እስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ ያዘጋጀውና በ2015 የፈረንጆች ዓመት የታየው፥ ዳንኤል ታደሰ ዋና ተዋናይ የሆነበት «ክራምብስ» የሚባል ፊልም አለ፤ ትርጓሜውም ፍርፋሪ ማለት ነው። ዓለም ከጠፋች በኋላ የቀሩት ሰዎች የድሮ ዘመን የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችን እንደ ክቡር ዕቃ ሲመለከቷቸው ያሳያል። የዳሎልም ምድር እንደ ሌላ ዓለም ሆና ታይታበታለች። ከዚህ የምንማረው፥ ገንዘብ የሌለው ሰው ባለጠጋውን ለመምሰል ከመድከም ይልቅ፥ በእጁ ያለው ነገር የሚናገርለትን ታሪክ መምረጥ እንዳለበት ነው።

ቁም ጸሐፊ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል፤ ቀለሙንም ከጥላሸት ይበጠብጣል። ዕቃው ርካሽ ሲሆን መጽሐፉ ክቡር የሚሆነው ሥርዓት ስላለው ነው። ፊልምም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ይህን ሥራ ቢጀምሩ የሚከተለውን ይጠብቁ።

መጀመሪያ፥ ታሪኩ ተጽፎ ሳያልቅ አንድም ሥዕል አይነሣ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነውና፥ ሳይጻፍ የተጀመረ ፊልም በመካከል ይቀራል። ታሪኩም ከዓለም ነገር አንዱን ብቻ ይለውጥ፤ ለምሳሌ ውኃ በሚዛን የሚሸጥበትን ዘመን ቢያስቡ፥ ሁለት ክፍል ቤትና አምስት ሰዎች ይበቃሉ።

ሁለተኛ፥ የአረንጓዴውን ጨርቅ አገልግሎት በደንብ ይወቁ። ኮምፒዩተሩ ይህን ቀለም ከሥዕሉ አውጥቶ በምትኩ ሌላ ሥዕል፥ ሰማይም ቢሆን የፈረሰ ከተማም ቢሆን ያገባበታል። አረንጓዴ የተመረጠው ከሰው ቆዳ ቀለም የራቀ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ጨርቁ እንዳይጨማደድ፥ ብርሃኑም በላዩ እኩል እንዲያርፍ ያስፈልጋል፤ ተዋናዩ አረንጓዴ ልብስ አይልበስ፥ ወደ ጨርቁም ተጠግቶ አይቁም። ብሌንደር የተባለው የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም ደግሞ በነጻ የሚገኝ ነው።

ሦስተኛ፥ ለድምፅ ይጠንቀቁ። ተመልካች የደበዘዘ ሥዕል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። የመቅጃው ስልክ ከተናጋሪው አጠገብ ይደበቅ፤ ባዶ ክፍልም ሲያስተጋባ ብርድ ልብስ በግድግዳው ላይ ይሰቀል። የተነሣውም ሁሉ በዚያው ቀን በሁለት ስፍራ ይቀመጥ፤ አንድ ስልክ ቢጠፋ የወራት ድካም አብሮ ይጠፋልና።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ስምምነት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩ በቃል ብቻ የታሰረ እንደ ሆነ ትርፍ ሲመጣ ይበጠሳል። በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ የኖረ ሰው፥ በፍቅር የተጀመረ የወንድማማች ሥራ በመጨረሻው የክስ መዝገብ ሲሆን ብዙ ጊዜ ያያል። ማጣት ያላጣላቸውን ማግኘት ያጣላቸዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፊልምን ሥራ ይጠብቃል፤ ሆኖም በዘመዳሞች መካከል ማን ምን እንደሠራ የሚመሰክር ጽሑፍ ከሌለ ዳኛው በምን ይፈርዳል? ስለዚህ ታሪኩን የጻፈው ማን እንደ ሆነ፥ ወጪውን ማን እንዳወጣ፥ ገቢ ቢገኝ እንዴት እንደሚካፈል፥ የዩቱቡን የይለፍ ቃል ማን እንደሚይዝ፥ አንዱ ቢለይ ስሙና ድርሻው ምን እንደሚሆን በአንድ ወረቀት ይጻፍ። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋልና፥ በዚህ ስምምነት የወላጅ ወይም የአሳዳሪ ፈቃድና ፊርማ ይኑርበት።

ወላጆች ሆይ፥ እናንተም ሥራውን በመከልከል ሳይሆን በመምራት ተካፈሉ። የትምህርት ሰዓት የተለየ፥ የፊልም ሰዓት የተለየ ይሁን። የቤታችሁ አድራሻና የትንንሽ ልጆች ስም በፊልሙ እንዳይገለጥ፥ ጎረቤትም ሳይፈቅድ እንዳይነሣ ተቆጣጠሩ። መሣሪያ የሚመስል አሻንጉሊት ይዘው በአደባባይ እንዳይታዩ አስጠንቅቁ፤ አላፊ አግዳሚው ጨዋታ መሆኑን አያውቅምና።

እንዲህ የተሠራ ፊልም ገንዘብ ባያመጣ እንኳ፥ ልጁ ዕቅድ መጻፍን፥ ጊዜ መጠበቅን፥ የሌላውን ድካም ማክበርን ተምሯል። ስለ መጪው ዘመን ታሪክ ሲደርስ ለመጪው ዘመኑ ራሱን አሰናዳ ማለት ነው።