በ52 ዓመት ከአውሮፕላን መዝለልን መማር



ባለፈው ሰሚስተር አጋማሽ ከዒሻ ሰላት በኋላ ዶርም ውስጥ ተሰብስበን ስናነብ የአንዱ ጓደኛችን ስልክ ጠራ። ደዋይዋ ደሴ ያሉት እናቱ ነበሩ። ወንድማቸው፣ ማለትም የጓደኛችን አጎት፣ አሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ልጆች ያሳደጉ የ52 ዓመት ሰው ናቸው። እኚህ ሰው ከአውሮፕላን በጃንጥላ መዝለል ለመማር መመዝገባቸውን ነግረዋቸው ኖሯል። እናት እንቅልፍ አጥተዋል። "እናንተ ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ልጆች አይደላችሁም እንዴ? በሉ በሒሳብም ይሁን በሌላ ይህን ሰውዬ አስጥሉልኝ" አሉን።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳቅን። "በዚህ ዕድሜ?" ተባባልን። ከዚያ ደብዳቤ ልንጽፍላቸው ተቀመጥን፤ ሐሳባችን ማስፈራራት ነበር። ለማስፈራራትም ግን ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ማንበብ ስንጀምር ደብዳቤው ካሰብነው ሌላ መልክ ያዘ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ደብዳቤ ሰፋ ያለ ቅጂ ነው፤ ወላጅ ወይም ዘመድ "አሁን ልማር" ሲላችሁ ምን እንደምትጠይቁ ይጠቅማችሁ ይሆናል ብለን ነው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው መውደቁን ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ፍሬሽማን ፊዚክስ ላይ እንደተማርነው የሚወድቅ ሰው ፍጥነቱ እየጨመረ አይቀጥልም። አየሩ ወደ ላይ የሚመልሰው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ ከክብደቱ ጋር እኩል ሲሆን ፍጥነቱ ባለበት ይረጋል። አጎታችንን ከነዕቃቸው 90 ኪሎ፣ በሆዳቸው ተዘርግተው ለአየሩ የሚሰጡትን ስፋት 0.7 ካሬ ሜትር፣ የአየሩን ጥግግት በኪዩቢክ ሜትር 1 ኪሎ፣ የመጎተት ኮፊሸንቱን 1 ብለን አሰላነው። በሰከንድ 50 ሜትር፣ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ። ዘላዮች ራሳቸው በሆድ ለሚወርድ ሰው 190 አካባቢ ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ለወረቀትና እስክሪብቶ ሥራ አላሳፈረንም። ወደዚህ ፍጥነት የሚደረሰው በመጀመሪያዎቹ 12 ሰከንዶች ገደማ ነው። ከ4,000 ሜትር ተዘሎ በ1,500 ሜትር አካባቢ ጃንጥላው ሲከፈት ነጻው መውደቅ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቀሪው አምስት፣ ስድስት ደቂቃ በተከፈተ ጃንጥላ እየነዱ መውረድ ነው።

"እየነዱ" ያልነው በምክንያት ነው። በልጅነታችን ወታደራዊ ሰልፍ ላይ በቴሌቪዥን ያየነው የአየር ወለድ ጃንጥላ ክብ ነው፤ ሥራው በዋነኛነት ፍጥነት መቀነስ ነው። የዛሬ ስፖርተኞች የሚጠቀሙበት ግን አራት ማዕዘን ሲሆን ሁለት ድርብ ጨርቅ በመካከሉ በተሰፉ ክፍልፋዮች ተያይዞ የተሠራ ነው። አየር ከፊት ገብቶ ክፍልፋዮቹን ሲነፋቸው ጨርቁ የአውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ ይይዛል። ሐሳቡ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ዶሚና ጃልበርት የተባለ ሰው ካወጣው የጨርቅ ክንፍ የመጣ ነው። ዘላዩ ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ ይይዛል። ግራውን ሲስብ ወደ ግራ፣ ቀኙን ሲስብ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ መሬት ሊነካ ሲል ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ታች ሲስብ ክንፉ ፍጥነቱን ይሰብራል። ይህ የመጨረሻ መሳብ በሁለት ሰከንድ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከሆነ ቁርጭምጭሚት ይከፍልበታል።

የማሽን ክፍል ልጆች በጣም የወደድነው ግን ሦስቱን ቀለበቶች ነው። ዋናው ጃንጥላ ተጠላልፎ ቢከፈት ዘላዩ ቆርጦ ጥሎት መጠባበቂያውን መክፈት አለበት። ችግሩ ጃንጥላው በዚያ ሰዓት በከባድ ኃይል እየጎተተው ነው፤ በአንድ እጅ እንዴት ይለቀዋል? ቢል ቡዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ መልስ አገኘ። መካከለኛ ቀለበት በትልቅ ቀለበት ውስጥ፣ ትንሽ ቀለበት ደግሞ በመካከለኛው ውስጥ ያልፋል፤ ትንሹን የሚይዘው አንዲት ቀጭን የክር ዑርብ ናት፤ ዑርቧን የምትይዛት ደግሞ ለስላሳ ገመድ ናት። እያንዳንዱ ቀለበት እንደ ሊቨር ኃይሉን ብዙ እጥፍ ስለሚቀንሰው በመቶ ኪሎ የሚቆጠር ጉተታ ዑርቧ ጋ ሲደርስ በጣት የሚሳብ ይሆናል። እጀታዋን ስትስብ ሦስቱም ተራ በተራ ይፈታሉ። በስታቲክስ ኮርስ ላይ የሊቨር ነገር "ለምን ይጠቅመናል?" ብላችሁ ካጉረመረማችሁ መልሱ እነሆ።

መጠባበቂያው ጃንጥላ በአሜሪካ ሕግ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተጣጥፎ በየ180 ቀኑ እንደገና መፈተሽና መታጠፍ አለበት። ዘላዩ ራሱን ቢስት ወይም ቢደነግጥስ? ለዚህ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ሳይፕረስ የተባለች መሣሪያ ከጀርመን ወጣች። የአየር ግፊትን እየለካች ሰውዬው በምን ከፍታና ፍጥነት ላይ እንዳለ ትከታተላለች። ለልምድ ባለቤቶች የተሠራችው 225 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ ከሆነ መጠባበቂያውን የዘጋችውን ክር በትንሽ ምላጭ ትቆርጣለች። የተማሪዎቹ በዝቅተኛ ፍጥነትም ትሠራለች። ጃንጥላው በደንብ ተከፍቶለት መሬት አጠገብ በኃይል ለሚታጠፍ ሰው ግን ምንም አታደርግለትም። ከሞት አደጋዎች ቀላል የማይባለው ክፍል የሚደርሰው ደግሞ እዚያ ነው፤ ጤነኛ ጃንጥላ ከላይ ተዘርግቶ እያለ።

ቁጥሩን እንናገር። በአሜሪካ በ1970ዎቹ በዓመት በአማካይ ከ40 በላይ ሰዎች በዚህ ስፖርት ይሞቱ ነበር። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የጃንጥላ ዘላዮች ማኅበር የመዘገበው 10 ሞት ነው፤ የዝላዩ ብዛት 3.65 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር ለ365,000 ዝላይ አንድ ሰው ማለት ነው። ይህን ስናይ "ለማስፈራራት ያሰብነው ቁጥር ከዳን" አልን። ግን አንታለል፤ ይህ ቁጥር በአብዛኛው የልምድ ባለቤቶችንም ወጣቶችንም አንድ ላይ የቆጠረ ነው። የ52 ዓመት ጀማሪን በተለይ የሚመለከተው ሞት ሳይሆን ስብራት ነው። ታክሲ የሚነዳ ሰው እግሩ ለሦስት ወር በጀሶ ቢታሰር የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ደብዳቤው ላይ ያሰመርንበት ይህን ነው።

ትምህርቱ እንዴት እንደሚሄድም ለእናት ማስረዳት ነበረብን፤ እሳቸው አንድ ቀን ወጥቶ መወርወር መስሏቸው ነበርና። ብዙ ሰው የሚጀምረው በጥንድ ዝላይ ነው። ከአስተማሪው ጋር በጠንካራ ቀበቶ ደረት ለጀርባ ይታሰራል፤ ጃንጥላውን የሚከፍተውም የሚያሳርፈውም አስተማሪው ነው። ይህ መማር አይባልም፤ ተሳፋሪ መሆን ነው። መማር ለሚፈልግ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ የመሬት ላይ ትምህርት አለ፦ ሰውነትን እንደ ቀስት ወደ ኋላ ማጠፍ፣ በክንድ ላይ የታሰረውን የከፍታ መለኪያ ማንበብ፣ እጀታዎችን በቅደም ተከተል መሳብ፣ እግርን ገጥሞ በጎን ተንከባልሎ ማረፍ። ከዚያ በመጀመሪያው ዝላይ ሁለት አስተማሪዎች ግራና ቀኝ ይዘውት አብረው ይወድቃሉ፤ በነፋሱ ጩኸት ንግግር ስለማይሰማ በጣት ምልክት ያርሙታል። ጃንጥላውን የሚከፍተው ግን ራሱ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያውን ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 25 ዝላይና ፈተና ያስፈልጋል። የዕድሜ ወለል 18 ዓመት ነው።

ዕድሜ ምን ይለውጣል? አጥንት ይሳሳል፤ ከጉዳት ማገገሙ ይዘገያል። ከአውሮፕላን በር ላይ ልብ በኃይል ስለሚመታ የደም ግፊትና የልብ ሁኔታ በሐኪም መታየት አለበት። ጉንፋን ይዞት የሚዘል ሰው ደግሞ ከፍታው በፍጥነት ሲቀንስ ጆሮውን ክፉኛ ያመዋል። ትከሻው ከዚህ በፊት የወለቀ ሰው እጁ በዚያ ነፋስ ውስጥ እንደገና ሊወልቅ ይችላል፤ ይህ አየር ላይ ከሆነ ቀልድ አይደለም። በሌላ በኩል ትልቅ ሰው የሚያሸንፍበት ነገር አለ። ሰፊ ጃንጥላ ስጡኝ ይላል፤ ሰፊ ጃንጥላ ደግሞ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ነፋስ ሲበዛ "ዛሬ ይቅር" ለማለት አያፍርም። እኛ ሃያዎቹ ላይ ያለነው ካሜራ ፊት ምን እንደምናደርግ እናውቃለን።

ዲሊስ ፕራይስ የተባሉ የካርዲፍ፣ ዌልስ ሴት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። አካል ጉዳተኞችን የሚረዳ ድርጅት የመሠረቱ አስተማሪ ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የዘለሉት በ54 ዓመታቸው፣ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። ከዚያ ከ1,000 በላይ ዝላይ ብቻቸውን ዘለዋል፤ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በ80 ዓመታቸው ብቻቸውን በመዝለል በዓለም በዕድሜ ትልቋ ሴት ተብለው ተመዝግበዋል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትልቁ ጆርጅ ቡሽ ደግሞ በ1944 አውሮፕላናቸው ፓስፊክ ላይ ሲመታ ሳይወዱ ዘለሉ፤ በ1997 በ72 ዓመታቸው ወደው ዘለሉ፤ በ90ኛ ልደታቸውም ከአስተማሪ ጋር ታስረው ወረዱ። ሁለቱ ታሪኮች እንደማይመሳሰሉ ልብ በሉ፤ ቡሽ ዙሪያቸውን ምርጥ ወታደራዊ ዘላዮች ነበሯቸው፣ ፕራይስ ግን በበጎ አድራጎት ዝላይ የጀመሩ አስተማሪ ነበሩ። ለአጎታችን የሚቀርቡት እሳቸው ናቸው።

የእኛም ሰው አለበት። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ፣ ቆርዶባ የኖረው ዐባስ ኢብን ፊርናስ ላባ ለብሶ ክንፍ አሥሮ ከከፍታ እንደተንሳፈፈ አል-መቀሪ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ጽፎልናል። ያኔ ዕድሜው ከስልሳ አልፎ ነበር ይባላል። ጥቂት ከተንሳፈፈ በኋላ ሲያርፍ ጀርባው ተጎዳ፤ ምክንያቱም ወፍ ስታርፍ በጅራቷ እንደምትጠቀም አላስተዋለም ነበር ተብሏል። ማረፉ ያኔም እንደዛሬው አስቸጋሪ ነበር ማለት ነው።

"ይህ ራስን ለጥፋት ማጋለጥ አይደለም ወይ?" የሚለው ጥያቄ ዶርም ውስጥ ከባድ ክርክር አስነስቷል። ይህ የእኛ ሜዳ አይደለም፤ አጎታችንም እዚያ ያሉትን ዓሊሞች እንዲጠይቁ ነው የጻፍነው። የእኛ ድርሻ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ትክክለኛውን መረጃ ማቀበል ነው። እህቶች ላነሱት ጥያቄም አጭር መልስ፦ በጥንድ ዝላይ ከአስተማሪው ጋር ተጣብቆ መታሰር ስላለ ሴት አስተማሪ መኖሯን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ሒጃቡም ጫፉ ሳይንጠለጠል ከራስ ቁሩና ከልብሱ ሥር ተጠቅልሎ መግባት አለበት፤ የሚውለበለብ ጨርቅ ዓይን ይሸፍናል፣ እጀታ ላይም ይጠላለፋል። ሌላው ደግሞ ትዕግሥት ነው። ለአንድ ደቂቃ መውደቅ ደመናና ነፋስ እየተጠበቀ ሙሉ ቀን ሜዳ ላይ ሊዋል ይችላል፤ ስለዚህ መስገጃ ያዙ ብለናቸዋል።

አንድ ጓደኛችን "አዲስ አበባ ላይ ቢሆንስ?" ብሎ አስልቶት ነበር። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሃያ በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ያው ጃንጥላ ያንኑ ሰው አሥር በመቶ ገደማ በፈጠነ ፍጥነት ያሳርፈዋል። ከመሬት 4,000 ሜትር ለመውጣትም ከባሕር ወለል 6,300 ስለሚሆን ኦክስጅን ያስፈልጋል። ከዝቅተኛ ሜዳ መማር ለጉልበት ይሻላል።

ደብዳቤውን የጨረስነው በአራት ጥያቄዎች ነው፦ ሐኪም ልብዎንና የደም ግፊትዎን አይቶታል ወይ? የሚሰጡዎት ጃንጥላ ለክብደትዎ ሰፊው ነው ወይ? የመጠባበቂያው የመጨረሻ መታጠፊያ ቀን መቼ ነው? እግርዎ ቢሰበር የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ወይም ኢንሹራንስ አለዎት ወይ?

አጎታችን በድምፅ መልእክት መለሱልን። የመጀመሪያውን አዎ አሉ፤ ሐኪሙ ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ብሏልና ጨው ቀንሰው ከወር በኋላ እንዲመለሱ ነግሯቸዋል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ትምህርት ቤቱን ጠይቀው ፎቶ አንስተው ላኩ። አራተኛው ላይ ዝም ብለው ቆዩና "እሱን እህቴ ናት ያስጻፈቻችሁ" ብለው ሳቁ። መልሱን ግን እስካሁን አልሰጡንም። እናት ቅዳሜ እንደገና ይደውላሉ።