የዶንጋ ሜዳ ሐኪም የለውም

ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በላይ ገደል አፋፍ ላይ የተቆረቆረች የካሮዎች መንደር ናት። ከአፋፉ ቁልቁል ሲያዩ ወንዙ በሰፊው ታጥፎ ይሄዳል፤ ማዶው የኛንጋቶሞች ነው። ውሃው ከሚመጣበት ከሰሜን በኩል የሙርሲዎች አገር አለ፤ ከእነሱም ወንዙን ተሻግሮ ወደ ምዕራብ የሱሪዎች። ካሮዎችን ዓለም የሚያውቃቸው ገላቸውን በሚቀቡት ቀለም ነው። የሙርሲና የሱሪ ስም ግን፣ ከሴቶቹ የከንፈር ሸክላ ቀጥሎ፣ የሚነሣው በዶንጋ ነው፤ ሁለት ጎረምሶች ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ዱላ ይዘው በሚገጥሙበት ጨዋታ።

ጨዋታ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከሩቅ ላየው ሰው ጠብ ይመስላል፤ ግን ጠብ ዳኛ የለውም፣ ወቅትም አይጠብቅም፣ በየትኛው መሣሪያ እንደሚካሄድም የሚወስንለት የለም። ዶንጋ ሦስቱም አለው። የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው።

ሙርሲዎች ውድድሩን ታጊኔ ይሉታል፤ ዶንጋ የዱላው ስም ነው። ጂንካ ከተማ ውስጥ ግን ሁሉም ዶንጋ ስለሚለው እኔም እንደ ሰፈሩ እላለሁ። የሚካሄደው አዝመራ ገብቶ ሰው ሲጠግብ ነው፤ የተራበ ጎረምሳ ዱላ አያነሣም። ተጋጣሚው ዱላውን ከሥሩ በሁለት እጁ ይጨብጠዋል፣ ግራ እጁን ከላይ፣ ቀኙን ከታች አድርጎ። ከዚያ መላ ሰውነቱን አዙሮ ይሰነዝራል። ዓላማው የፊት ለፊቱን ሰው መሬት መጣል ነው። የወደቀ አይመታም። የአንድ ጎሣ ልጆች እርስ በርስ አይገጥሙም። ብዙው ግጥሚያ አሸናፊ ሳይለይበት ዳኛው መሐል ገብቶ ያቋርጠዋል። ተጋጣሚውን የጣለ ግን ጓደኞቹ ትከሻ ላይ ይወጣል፤ ልጃገረዶች ከበው በፍየል ቆዳ ልብሳቸው ያራግቡለታል።

ያሸነፈ ሚስት ይሸለማል እያሉ የሚጽፉ ጎብኚዎች አሉ። በዱላ የሚገኝ ሚስት የለም። በሙርሲ ሥርዓት የሙሽራ ጥሎሽ ሙሉ የሚባለው 38 ከብት ሲደርስ ነው፤ ያን የሚያዋጣው ደግሞ ዘመድ እንጂ ጡንቻ አይደለም። ዶንጋ ለወጣቱ የሚሰጠው ስም ነው። በመንደሩ ፊት፣ በልጃገረዶች ፊት፣ ከሌላ ሠፈር በመጡ ጎረምሶች ፊት መታየት።

የሙርሲውን ትጥቅ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ዱላው ምን እንደሚሰብር ይገባዋል። ራሱ ላይ ወፍራም መጠቅለያ አለ። ቀኝ እጁ ላይ ጣቶቹን የሚከልል፣ እንደ ሰፌድ የተሰፋ መከላከያ አለ። ቅልጥሙ በቆዳ ተሸፍኗል። ደረቱ ላይ የነብር ቆዳ፣ ወገቡ ላይ የላም ቃጭል። ከቃጭሉና ከነብሩ ቆዳ በቀር ሌላው ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ጣት ስለሚሰበር ጣት ተሸፈነ፤ ቅልጥም ስለሚሰነጠቅ ቅልጥም ተሸፈነ፤ ራስ ስለሚፈነከት ራስ ተጠቀለለ። ሕዝቡ የጉዳት መዝገቡን ገላው ላይ ለብሶታል ማለት ነው።

የሱሪ ወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ትጥቅ ሳይለብስ ይገባል፤ ራቁቱን የሚገጥምም አለ። በዚያው ልክ ቁስሉ ይከፋል። ዓይን ይጠፋል፣ ክንድ ይሰበራል፣ አልፎ አልፎም ሰው ይሞታል። መግደል በጨዋታው ሕግ ክልክል ነው፤ የገደለ ካሣ ይቆረጥበታል፣ ሽማግሌ ገብቶ ሁለቱን ወገን ያስታርቃል። ሱሪዎችን ለረጅም ዓመታት ያጠናው የኔዘርላንዱ አንትሮፖሎጂስት ያን አቢንክ በፈረንጆቹ 1999 ባሳተመው ጽሑፍ ዋናው ነጥቡ ይህ ነበር፤ ዶንጋ ዓመፅን በሥርዓት አጥር ውስጥ የሚያስገባ ነው። ሙርሲዎችን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያጠናው እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተንም ዱላውን ከዕድሜ እርከኑና ከሠፈሮች ግንኙነት ነጥሎ አላየውም።

አጥሩ የተነቀነቀው በክላሽ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ የሱዳን ጦርነት አውቶማቲክ ጠመንጃ ወደ ሱሪና ወደ ኦሞ ዳር በገፍ አስገባ። ድሮ በዱላው ያልረካ ወገን ቢያጉረመርም ሽማግሌ ያበርደው ነበር። ጠመንጃ ከመጣ በኋላ ጉርምርምታው በጥይት የሚያበቃባቸው ሜዳዎች ታዩ። ስለዚህ «ዶንጋ ሰው ገደለ» ሲባል ገዳዩ ዱላው ነው ወይስ በሜዳው ዳር የተደገፈው መሣሪያ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመንግሥት ሹማምንት ደጋግመው ጨዋታውን ለማስቀረት ሞክረዋል። ውድድሩ ግን ከመንገድ ራቅ ብሎ ቀጠለ። ከመንገድ መራቁ ደግሞ ከጤና ጣቢያም መራቅ ነው።

ደገኛው አንባቢ እዚህ ላይ በሱሪ እንዳይገረም እለምናለሁ። ገና ጨዋታ የማን ነው? ሩሯን ተከትሎ በሚወናጨፍ ዱላ ስንቱ ቅልጥሙን ተሰብሮ፣ ጥርሱን አጥቶ አድጓል። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጌታውም ስለሚመታ ነው። ፈረስ ጉግስ በጋሻ የሚመከት ቢሆንም ከፈረስ የወደቀ ሁሉ በእግሩ አልተነሣም። እነዚህ ጨዋታዎች ዛሬ የባህል ስፖርት ተብለው፣ ደንብ ተጽፎላቸው፣ ዳኛ ሠልጥኖላቸው ውድድር ይካሄድባቸዋል። የደጋው ዱላ ስፖርት ሲባል የቆላው ዱላ «ጎጂ ልማድ» የሚባልበት ሚዛን ለእኔ አይታየኝም።

ራቅ ብሎ አሜሪካን ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በፈረንጆቹ 1905 የአሜሪካ ፉትቦል ሊታገድ ቋፍ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ብቻ 18 ያህል ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ባገኛቸው ጉዳት እንደሞቱ ጋዜጦች ቆጥረው ጻፉ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ኃላፊዎች ወደ ቤተ መንግሥቱ ጠርቶ ጨዋታውን እንዲያስተካክሉ ነገራቸው። በተከታዩ ዓመት ደንቡ ተቀየረ፤ ኳስን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ፣ ተጫዋቾች ተቆላልፈው እንደ ግንብ የሚጋጩበት አካሄድ እንዲላላ ተደረገ። ሞቱ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ በ1909 እንደገና ከፍቶ ደንቡ እንደገና ተነካ። ጨዋታው ግን ተረፈ። ያተረፈው ሬሳው መቆጠሩ ነው እላለሁ። ሳይቆጠር ቢቀር ኖሮ ማንም ደንቡን አይነካም ነበር።

ሁለተኛው ቆጠራ አንድ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ መጣ፤ ያመጣውም አፍሪካዊ ነው። በፈረንጆቹ መስከረም 2002 በፒትስበርግ ከተማ ማይክ ዌብስተር የተባለ ስመ ጥር የፉትቦል ተጫዋች በ50 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻ ዘመኑ ማስታወስ ተስኖት፣ ጠባዩ ተለዋውጦ፣ መኪናው ውስጥ እስከማደር ደርሶ ነበር። አስከሬኑን የመረመረው ናይጄሪያዊው ዶክተር ቤኔት ኦማሉ አንጎሉን በማይክሮስኮፕ ሲያየው ታው የሚባለው ፕሮቲን ባልተለመደ ሁኔታ ተከማችቶ አገኘ፤ በተደጋጋሚ ምት የሚመጣ የአንጎል በሽታ ምልክት ነው። በ2005 ግኝቱን ሲያሳትም የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሻር መጽሔቱን ጠየቁ። መጽሔቱ አልሻረውም። በ2017 በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አን ማኪ የመሩት ቡድን ከ111 የቀድሞ የሊጉ ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ ላይ ይኸው በሽታ እንዳለ አሳወቀ። አንጎሎቹን የሰጡት በአብዛኛው ችግሩን በቤታቸው ያዩ ቤተሰቦች ስለሆኑ፣ ቁጥሩን ለተጫዋች ሁሉ ማድረግ አይቻልም። ቢሆንም ችላ የሚባል አልነበረም። ሊጉ ከዚያ ቀደም ብሎ ከቀድሞ ተጫዋቾች ጋር በ2013 በ765 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ነበር፤ ኋላም የክፍያው ጣሪያ ተነሥቶ ስምምነቱ በ2015 ጸደቀ።

ከዚህ ሁሉ ለኦሞ ዳር የሚበጀው ገንዘቡ አይደለም። የሚበጀው ሐኪሞቹ የደረሱበት አንድ ነገር ነው። አንጎል የሚጎዳው ራስ ሲፈነከት ብቻ አይደለም። ጭንቅላት ድንገት ሲመታና ሲጠመዘዝ አንጎሉ ከራስ ቅሉ ውስጥ ይናጣል። ደም አይታይም፤ ልጁ ተነሥቶ ይቆማል፤ ያዞረዋል፣ ያስታውከዋል፣ የተናገረውን ይረሳል፣ ከዚያ ይተወዋል። ያ ሳይድን ሁለተኛ ምት ሲደረብበት ነው አደጋው፤ አንዳንዴ እዚያው ይገድላል። ለዓመታት ሲደጋገም ደግሞ ዘግይቶ የሚታይ በሽታ ይሆናል፤ ሰውየው ቁጡ ይሆናል፣ ይዘነጋል፣ ራሱን ይጠላል። የአሜሪካኖቹ የራስ ቁር የራስ ቅልን ከመሰንጠቅ ያድናል፤ ውስጥ ያለውን መናጥ ግን አያስቀርም። የሙርሲው የራስ መጠቅለያም ከዚያ የተሻለ ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው ትጥቅ ብቻ ሊሆን አይችልም። የተመታው ልጅ መቼ ነው እንደገና ዱላ የሚያነሣው ነው ጥያቄው።

በአሜሪካ ይህን የሚወስን ሐኪም ሜዳው ዳር ይቆማል። በጥር 2023 ዳማር ሃምሊን የተባለ ተጫዋች ደረቱን ተመትቶ ልቡ ሜዳ ላይ ሲቆም፣ የዳነው በደቂቃ ውስጥ ደረቱን የሚጫንና የልብ ማስነሻ መሣሪያ የያዘ ሰው አጠገቡ ስለነበረ ነው። ሙርሲዎች በሚኖሩበት በሳላማጎ ወረዳ አንድ ወጣት ክፉኛ ቢመታ የሚወሰደው ወደ ሐና ከተማ፣ ብሎም ወደ ጂንካ ሆስፒታል ነው። ክረምት ከሆነ መንገዱ ጭቃ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 7,500 ገደማ ለሆነው የሙርሲ ሕዝብ አንድ ክንዱ የተሰበረ ጎረምሳ ከብት ጠባቂ መጉደል ማለት ነው።

ታዲያ ይታገድ? የካሮዎች ታሪክ እዚህ ላይ ይመለከተናል። ካሮዎች ሚንጊ የሚሉት ልማድ ነበራቸው፤ የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ወይም ያለ ሥርዓት የተወለደ ሕፃን የመርገም ምልክት ተቆጥሮ ይገደል ነበር። ይህ ከዶንጋ ጋር አይነጻጸርም፤ ሕፃን ጨዋታ አልመረጠም። የሚያስተምረው ግን አቀራረቡ ነው። የሕግ ክልከላው ብቻውን አላስቆመውም። ከራሳቸው የተወለደው ላሌ ላቡኮ ሕፃናቱን ወደ ጂንካ እየወሰደ ማሳደግ ጀመረ፤ ሽማግሌዎቹን ደጋግሞ አነጋገረ፤ የዳኑት ልጆች ሲያድጉ መርገሙ አለመምጣቱን ሰው በዓይኑ አየ። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የካሮ ሽማግሌዎች ራሳቸው ሚንጊን አስቀሩ። ልማዱን ያዘዘው አካል ነው ያነሣው።

ዶንጋም ያዘዘው አካል አለው። ዳኛ አለው፣ ሽማግሌ አለው፣ በየወቅቱ ቦታውን የሚቆርጡ ሰዎች አሉት። አሜሪካ በ1905 በቤተ መንግሥት ጥሪ ያገኘችውን ሥልጣን ሙርሲና ሱሪ ቀድሞም ነበራቸው። ያንን ሥልጣን የሚሸረሽሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ጠመንጃው። ሌላው የጎብኚው ብር ነው። ለካሜራ ሲባል ያለ ወቅቱ የሚዘጋጅ ዶንጋ አለ፤ ከፋዩ የሚፈልገው ደም ነው፣ ዳኛው ቶሎ ካቋረጠ ፎቶው አይወጣም። ኮልቾም ቀለሙን በፎቶ ሂሳብ ስትሸጥ ስለኖረች ይህን ንግድ ታውቀዋለች፤ የኮልቾው ቀለም ግን ማታ ታጥቦ ይሄዳል።

ከክልከላ ቀድሞ ዶንጋን ሊያጠፋው የሚችል ሌላ ነገርም አለ። ጨዋታው የጥጋብ ጨዋታ ነው ብያለሁ። ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ኦሞ እንደ ዱሮው ሞልቶ እየፈሰሰ ዳርቻውን አያረካም፤ ጎርፉ ሲሸሽ ማሽላ ይዘሩ የነበሩት ካሮዎችም ሙርሲዎችም የወንዝ ዳር አዝመራቸው ተነክቷል። በሙርሲዎችና በጎረቤቶቻቸው በቦዲዎች መሬት የስኳር ልማት ገብቷል። እህል ካልገባ ወጣቱ ለዱላ የሚሰበሰብበት ምክንያት ይመናመናል። በእርግጥ ያኔ የሚሰበር ጣት ይቀንሳል። ማንም ግን ይህን የጤና ድል ብሎ እንዳይጽፍልኝ።

ለደቡብ ኦሞና ለምዕራብ ኦሞ ዞን ጤናና ባህል መምሪያዎች የምለው አጭር ነው። ዶንጋን ስታዲየም አታስገቡት፤ ትኬት የሚቆረጥበት ዶንጋ ዳኛውን ያጣል። ወቅቱ ሲደርስ ግን የጤና ባለሙያ ላኩ፤ ፋሻና የስብራት መደገፊያ ይያዝ፤ አምቡላንሱ መኪና እስከሚገባበት ድረስ ይጠጋ። ባለሙያው ሲሄድ ፖሊስ አስከትሎ አይሂድ፤ ያን ጊዜ ጨዋታው ይርቅበታል። የተመታውን ሁሉ ይመዝግብ፤ የት ተመታ፣ ራሱን ስቶ ነበር ወይ፣ ከዚህ በፊት ተመትቶ ያውቃል ወይ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ደግሞ ሁለት ነገር ተነጋገሩ። አንደኛ፣ ክላሽ ሜዳው አጠገብ አይድረስ። ሁለተኛ፣ ራሱን ተመትቶ የወደቀ ወይም የዞረበት ልጅ በዚያ አዝመራ ዳግም ዱላ አያንሣ። ይህን ልጁ በራሱ አይቀበልም፤ ፈሪ መባልን ከሞት ይፈራል። ዳኛው «በቃህ» ካለው ግን ቁጭ ይላል።