ከኤልቪስ በፊት የነበረችው ድምፃዊት

«ሃውንድ ዶግ» የተባለው ዘፈን ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ኤልቪስ ፕሬስሊን ነው። ዘፈኑ ግን ኤልቪስ እጅ ሲገባ ከተቀዳ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቀድማ የዘፈነችው አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት የብሉዝ ድምፃዊት ናት፤ ግጥምና ዜማውንም ደራሲዎቹ የሠሩት የእሷን ድምፅ ሰምተው፣ ለእሷ ብለው ነው። ስሟ ዊሊ ሜይ ቶርንተን ይባላል፤ ሕዝቡ የሚያውቃት ግን «ቢግ ማማ» በሚለው የመድረክ ስሟ ነበር።

ቶርንተን በ1926 እ.ኤ.አ. አላባማ ውስጥ ተወለደች (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። አባቷ የባፕቲስት ሰባኪ ነበሩ፤ እናቷም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዘምሩ ነበር። እናቷ ሲሞቱ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ ከቤት ወጥታ፣ ከአንድ ተዘዋዋሪ የትርኢት ቡድን ጋር የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች እየዞረች መዝፈን ጀመረች። ሐርሞኒካና ድራም ያስተማራት ሰው የለም፤ ሌሎች ሲጫወቱ እያየች ራሷ ለመደችው። በ1948 ሂውስተን ከተማ ተቀመጠች፣ በ1951 ደግሞ ፒኮክ ከተባለው የሸክላ አሳታሚ ጋር ተፈራረመች። የፒኮክ ባለቤት ዶን ሮቢ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በዚያን ዘመን በጥቁሮች የተያዙ ሸክላ አሳታሚዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ግዙፍ ሴት ነበረች። ሴት ድምፃዊት በሚያብረቀርቅ ቀሚስ አጊጣ መድረክ በምትወጣበት ዘመን እሷ ብዙ ጊዜ የምትወጣው ሱሪና የወንድ ሸሚዝ ለብሳ ነው። «ቢግ ማማ» የሚለውን ስም ያገኘችው በ1952 ኒው ዮርክ ሃርለም በሚገኘው አፖሎ ቴአትር ስትዘፍን ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት የባንድ መሪው ጆኒ ኦቲስ ሁለት ወጣቶችን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ልምምድ ላይ ጠርቶ ድምፃውያኑን አሰማቸው። ጄሪ ሊበር ግጥም ይጽፋል፤ ማይክ ስቶለር ዜማ ይሠራል። ሁለቱም አይሁዳውያን፣ ሁለቱም የ19 ዓመት ልጆች፣ ሁለቱም በብሉዝ ፍቅር የተያዙ ነበሩ። ቶርንተን አፏን ስትከፍት የሚፈልጉትን አገኙ። እነሱ ኋላ እንደተረኩት፣ ሊበር ወደ ስቶለር ቤት ሲሄዱ መኪናው ውስጥ በእጁ ምት እየመታ ስንኝ ማውጣት ጀመረ፤ ዘፈኑም በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ።

ኦገስት 13 ቀን 1952 ስቱዲዮ ገቡ። ቶርንተን በመጀመሪያ ዘፈኑን እንደ ፍቅር ዘፈን በለስላሳ ድምፅ ያዘችው። ሊበር እንደዚያ እንዳልሆነ ሊያስረዳት ቢሞክር ተቆጣች፤ እንዴት እንደሚዘፈን አንድ ነጭ ልጅ እንዲነግራት የምትፈቅድ ሴት አልነበረችም። በመጨረሻ ስቶለር ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ሊበር ራሱ ዘፈነላት። ያን ጊዜ ገባት። የድራሙ ምት ደግሞ እንደ ልምምዱ አልሆን አለ፤ በዚህ ጊዜ ኦቲስ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ወጥቶ ራሱ ድራሙን ያዘ፤ ቀረጻውን መምራቱ ለሁለቱ ልጆች ቀረ።

ከዚያ ቀን የወጣው ሸክላ ዛሬም ሲሰማ ያስደንቃል። ፒያኖ የለበትም፤ ትራምፔትና ሳክስፎንም የሉበትም። ያለው ሩምባ የሚሸተው ዝግ ያለ የድራም ምት፣ ጭብጨባ፣ ባስ፣ እንዲሁም የፒት ሉዊስ ጊታር ነው። ጊታሩ አጃቢ ብቻ አይደለም፤ እሷ አንድ ሐረግ ስትጥል እሱ ይመልሳል፣ እሷ ስታገሳ እሱ ይነጫነጫል። ጊታሩ ብቻውን ሲጫወት እንኳ ዝም አትልም፤ እየተናገረች፣ እየሣቀች ታበረታታዋለች። መጨረሻው ላይ የባንዱ አባላት እንደ ውሻ መጮኽና ማላዘን ይጀምራሉ። ሦስት ደቂቃ በማይሞላው በዚህ ቀረጻ ውስጥ አንድ ሙሉ ተውኔት አለ።

ተውኔቱ የአንዲት ሴት ነው። ሠርቶ የማይበላ፣ በየሴቱ ደጃፍ እያሽተተ የሚኖር ወንድ እቤቷ መጥቷል፤ አውቄሃለሁ፣ ከእንግዲህ ከእኔ የምታገኘው የለም ብላ ታባርረዋለች። በዘፈኑ ርዕስ ውሻ የተባለው እሱ ነው።

ሸክላው በ1953 መጀመሪያ ገበያ ላይ ወጣ፤ ቢልቦርድ መጽሔት ለጥቁሮች ሙዚቃ በሚያወጣው ሰንጠረዥም ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ሜምፊስ ያለው ሰን የተባለ ሸክላ አሳታሚ ወዲያው በሩፎስ ቶማስ ድምፅ የወንዱን መልስ የሚያሰማ «ቤር ካት» የተሰኘ ዘፈን አወጣ። ዜማው ያው በመሆኑ ሮቢ ከሶ ረታ። ኤልቪስን ከአንድ ዓመት በኋላ ለዓለም ያስተዋወቀው ይኸው ሰን ነው።

ቶርንተን ከዚያ ሁሉ ሽያጭ የደረሳት፣ ራሷ እንደተናገረችው፣ አንድ የ500 ዶላር ቼክ ነው። ሊበርና ስቶለርም የሮቢ የ1,200 ዶላር ቼክ ባንክ ሲደርስ እንዳልተከፈለ ተናግረዋል።

ኤልቪስ ዘፈኑን ያገኘው በጠመዝማዛ መንገድ ነው። ፍሬዲ ቤልና ቤልቦይስ የተባሉ የላስ ቬጋስ ተጫዋቾች ግጥሙን ለሣቅ በሚመች መልክ ቀይረውት ነበር፤ ወንዱ ጠፍቶ፣ ጥንቸል መያዝ ያቃተው እውነተኛ ውሻ ገባ። ኤልቪስ በ1956 እነሱን አይቶ ወደደው። ጁላይ 1 ቀን በስቲቭ አለን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ለአንድ እውነተኛ ውሻ እንዲዘፍን ተደረገ፤ በማግሥቱ ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ገብቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ያህል ደጋግሞ ቀዳው። ሸክላው በሌላ ገጹ ከያዘው «ዶንት ቢ ክሩኤል» ጋር አሥራ አንድ ሳምንት አንደኛ ሆነ። በዚያው ወር ስቶለር የተሳፈረባት አንድሪያ ዶሪያ የተባለች መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች፤ እሱ ተርፎ ኒው ዮርክ ሲደርስ ሊበር ወደቡ ላይ ጠብቆ ዘፈናቸው በኤልቪስ ድምፅ ገበያውን እንዳናወጠው አበሰረው።

የኤልቪስ ቅጂ ደካማ ነው ማለት አይቻልም። የዲ ጄ ፎንታና ድራም እንደ መትረየስ ይንጣጣል፣ የስኮቲ ሙር ጊታር ይቧጭራል፣ ፍጥነቱ ሰው ያስነሣል። ነገር ግን የተቆጣችው ሴት ስትወጣ የዘፈኑ ነፍስ አብሯት ወጥቷል። ለዚህ ጸሐፊ የቶርንተን ይበልጣል።

ኤልቪስ ዘፈኑን ሰረቃት የሚሉ አሉ። በሕግ ዓይን ግን ስርቆት አልነበረም፤ ችግሩም ያለው ሕጉ ላይ ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በዚያን ጊዜ የሚጠብቀው ግጥምና ዜማን ነበር። አንድ ዘፈን አንዴ በሸክላ ከወጣ፣ ለደራሲዎቹ የተወሰነውን የከፈለ ማንም ሰው ደግሞ ሊዘፍነው ይችላል። የተቀዳ ድምፅ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ያገኘው በ1972 ነው። የአሜሪካ መደበኛ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዛሬም ዘፈን ሲያሰሙ የሚከፍሉት ለደራሲ እንጂ ለድምፃዊ አይደለም። ስለዚህ ማገሳቱ፣ ሣቁ፣ ንግግሩ፣ ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው ሁሉ የቶርንተን ቢሆንም፣ ከኤልቪስ ሚሊዮኖች ለእሷ የሚታሰብ ድርሻ አልነበረም። የራሷ ድርሰት የሆነው «ቦል ኤንድ ቼይን» እንኳ አላዳናትም። ድምፃዊቷ ጃኒስ ጆፕሊን በ1967 ሞንተሬይ ፌስቲቫል ላይ ዘፍና ስትነግሥበት፣ የዘፈኑ መብት ቀድሞ የቶርንተንን ድምፅ የቀዳ አሳታሚ እጅ ነበር።

የኤልቪስ ዝና አዲስ አበባም ደርሷል። ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የኤልቪስን ዘፈኖች ይዘፍን፣ ጸጉሩንም እንደ እሱ ያበጥር ነበር፤ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» መባሉም ከዚህ የመጣ ነው። በኤልቪስ በኩል ወደ እኛ የመጣው ሙዚቃ ከሥሩ የነቶርንተን ብሉዝ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ሳናውቅ ኖረናል።

ቶርንተን በ1965 ወደ አውሮፓ ተጉዛ ዘፍናለች፣ በቀጣዩ ዓመትም ከብሉዝ ሙዚቀኛው መዲ ወተርስ ባንድ ጋር አልበም ሠርታለች። የዓመታት መጠጥ ግን ጎዳት፤ ያ ግዙፍ ሰውነት አልቆ አጥንቷ ቀረ። ጁላይ 25 ቀን 1984 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ የኪራይ ክፍል በ57 ዓመቷ አረፈች። የቀብሯን ሥርዓት የመራው ያኔ ድራሙን የያዘላት ጆኒ ኦቲስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ፓስተር ሆኖ ነበር።

የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ኤልቪስን በ1986፣ ሊበርንና ስቶለርን በ1987 መዝግቧል። ቶርንተን የገባችው በ2024፣ በሞተች በአርባ ዓመቷ ነው። ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ ለመስማት የሚፈልግ አንባቢ ከርዕሱ ጎን የእሷን ስም ጨምሮ ይፈልግ፤ አለዚያ ቀድሞ የሚመጣለት የኤልቪስ ነው።